እንጨቱ ሩብ እያሳየ ናፍጣው ቀድሞ ሚያልቀው ለምንድነው?

የጠያቂያችን ችግር ባጭሩ ይሄ ነው፦ የጀነሬተር ናፍጣ ሚያጠራቅምበት የተጋደመ ክብ ታንከር አለው፣ ዲያሜትሩ 1 ሜትር ርዝመቱ 2 ሜትር። ሚለካው እንጨት ከቶ ነው፣ እንጨቱን ከታች እስከ ላይ እኩል እኩል ከፋፍሎታል። 25 ሴንቲ ሲያይ ሩብ አለኝ ይላል፣ ግን ሁሌ ካሰበው ቀድሞ ያልቅበታል። ታንከሩ ያፈሳል ወይስ ሰው እየቀዳብኝ ነው ብሎ ጠይቋል።

ወንድሜ፣ ሰው ከመጠርጠርህ በፊት እንጨቱን ጠርጥር። አንተ ምትለካው ከፍታ ነው፣ ማወቅ ምትፈልገው ግን ሊትር ነው፣ ሁለቱ እኩል ሚሄዱት ታንከሩ ከታች እስከ ላይ ስፋቱ አንድ አይነት ከሆነ ብቻ ነው። ቢቆም ኖሮ ልክ ነበርክ። ሲጋደም ግን ወገቡ ሰፊ ታቹ ጠባብ ይሆናል፣ ስለዚ መሀል ላይ ያለችው 1 ሴንቲ 20 ሊትር ገደማ ስትይዝ መጨረሻ ታች ያለችው 1 ሴንቲ 3 ሊትር እንኳን አትሞላም።

አስላው፦ 0.5 × 0.5 × 3.14 × 2 = 1.57 ሜትር ኩብ፣ 1 ሜትር ኩብ 1000 ሊትር ስለሆነ ሙሉው 1570 ሊትር ነው። 25 ሴንቲ ላይ 392 ሊትር አለኝ ብለህ ነበር፣ ያለህ ግን 307 ገደማ ነው። 10 ሴንቲ ላይ ደሞ 157 ስትጠብቅ 82 ብቻ። ለማንኛውም የተጋደመ ክብ ታንከር ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ ይሄ ይሰራል፦ የከፍታው 10% ላይ 5.2% ይዟል፣ 20% ላይ 14.2%፣ 30% ላይ 25.2%፣ 40% ላይ 37.4%፣ ግማሹ ላይ ግማሽ። ከግማሽ በላይ ባዶውን ከላይ ለክተህ በዚሁ አስላና ከሙሉው ቀንስ።

በዛ ላይ መሳቢያው ቱቦ ከታች 5 ሴንቲ ከፍ ብሎ ከገባ 29 ሊትር ገደማ ጀነሬተሩ ጋ መቼም አይደርስም። ልኬቱንም ከውጪ ወስደህ ከሆነ የላሜራውን ውፍረት ቀንስ፣ 5 ሚሊ ላሜራ ብቻውን ወደ 40 ሊትር ይበላል።

እኔ ግን ከሂሳቡ ይልቅ ምመክርህ እንጨቱን ራሱ ታንከሩ ላይ እንድትሰራው ነው። ታንከሩ ባዶ ሲሆን ቆጣሪ ባለው ፓምፕ 50 ሊትር እየጨመርክ ናፍጣው እስኪረጋ ጠብቅና ባንድ ቀዳዳ በኩል ቀጥ አርገህ ከተህ የረጠበበት ላይ በቢላ ምልክት አርግ። የታንከሩ መጨርመትም ማዘንበሉም የጫፉ ቅርፅም አብሮ ይለካልሃል። ቆጣሪ ከሌለ ጀሪካኑን መጀመሪያ በውሃ መዝን፣ የባዶውን ክብደት ቀንሰህ 1 ኪሎ ማለት 1 ሊትር ነው፣ ምልክት አርግበትና በደንብ አድርቀው። ናፍጣውን መዝነህ ግን ኪሎውን ሊትር እንዳትለው፣ 1 ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ አካባቢ ነው።

በአዲሱ እንጨትም ከጎደለ ያኔ ማፍሰሱን እንይ፦ ጀነሬተሩ ጠፍቶ ማታ ለካ፣ ጠዋት ድገም። ናፍጣ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር 1500 ሊትር በ10 ዲግሪ 12 ሊትር ገደማ ይቀንሳል፣ እሱን ሌብነት ብለህ እንዳትይዘው። ከዛ በላይ ከጎደለ መገጣጠሚያዎቹንና የታችኛውን ብየዳ አስፈትሽ።