«ደበረኝ» ወይስ «ተደበርኩ»?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። በቅርቡ መሥሪያ ቤታችን የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። አሠልጣኙ አነቃቂ ንግግር ካደረጉልን በኋላ «ደበረኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ ማለት አቁሙ። እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ባለቤቱ እናንተ አይደላችሁም። ተደብሬያለሁ፣ ተከፍቻለሁ፣ ተጨንቄያለሁ በሉ። ያን ጊዜ የስሜታችሁ ባለቤት ትሆናላችሁ» አሉን። ነገሩ ልክ መስሎኝ ማታ ለእናቴ «ዛሬ ተደብሬያለሁ» ብላት «እሱ ደግሞ የት አገር አማርኛ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ድብርትና ድባቴ አንድ ናቸው? እግረ መንገዴን ልጠይቅዎትና «እናቴን ደበራት» ነው የሚባለው ወይስ «እናቴ ደበራት»?

መልስ፦ በአማርኛው በኩል እናትዎ ይሻላሉ። ትንሽ ግን ጨክነዋል። «ተደብሬያለሁ» የሚል ወጣት ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥም ሞልቷል። ባጃጅ ውስጥም፣ ሐይቅ ዳር ቡና የሚጠጣው ዘንድም ይሰማል። አሠልጣኙ ግን የተደናገሩት ከዚህ ቀደም ብሎ ነው።

መጀመሪያ ያደናገራቸው «ባለቤት» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በሰዋስው ትምህርት ባለቤት ማለት ግሡ በመደብ፣ በጾታና በቁጥር የሚስማማው ነው። የሙያ ስም ነው እንጂ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም። «ውሻው ነከሰኝ» ሲሉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ውሻው ነው። ቁስሉ ግን የእርስዎ ነው። ሐኪም ቤት የሚሄዱትም እርስዎ ነዎት።

«ደበረኝ» ላይ ደግሞ ባለቤት ቢፈልጉ ብዙ ጊዜ አያገኙም። «ምን ደበረህ?» ሲባል መልሱ «እንጃ፣ ዝም ብሎ ደበረኝ» ነው። ግሡ በ«እሱ» መልክ ይቆማል። ይህ «እሱ» ግን ማንም አይደለም። «በረደኝ»፣ «ሞቀኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ» ሁሉም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ማለዳ ሐይቅ ዳር የሚሮጥ ሰው «በረደኝ» ሲል ብርዱን ለሌላ አሳልፎ መስጠቱ አይደለም። ጃኬቱን ይደርባል። የጠማውም ውኃ ይጠይቃል። እንዲህ በማለቱ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።

ስሜትን ሌላ ላይ የሚያላክክ ቅርጽ ከተፈለገ አማርኛ ለእሱም አለው። «አስከፋኝ»፣ «አስጨነቀኝ»፣ «አናደደኝ»፣ «አበሳጨኝ»። እዚህ አድራጊው በግልጽ ተቀምጧል። የጣና ዓሣ አጥማጅ «እንቦጩ አስጨነቀን» ቢል ተጠያቂውን በስሙ ጠርቷል። «ጨነቀን» ቢል ግን ያለበትን ሁኔታ ነው የነገረን። እንግዲህ አሠልጣኙ መቃወም ካለባቸው «አስከፋኝ»ን ነበር። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። የምር የሚያስከፋ ሰው አለ።

ወደ «ተ» እንምጣ። አሠልጣኙ «ከፋኝ»ና «ተከፋሁ» አንድ ነገር የሚሉ፣ ልዩነታቸው በኃላፊነት ብቻ የሆነ አስመስለው ነገሯችሁ። አይደሉም። «ራበኝ» የአሁን ነው፤ ምሳ ሲበላ ያልፋል። «ተራብኩ» ይከብዳል፣ ይረዝማል። ለዚህ ነው «አገሩን ራበው» ሳይሆን «አገሩ ተራበ» የምንለው። «ጨነቀኝ» መውጫ መንገዱ ጠፋኝ ነው። «ተጨነቅኩ» ግን ሐሳብ የተያያዘበት ነገር አለው፤ «ስለ ልጄ ተጨነቅኩ» ይባላል። «ስለ ልጄ ጨነቀኝ» ቢሉ ጆሮ ይቆረቁራል።

በ«ከፋ» ላይ ደግሞ የአሠልጣኙ ምክር ተገልብጦ ያርፋል። ባልደረባዎን «ከፋኝ» ቢሏት «ምነው፣ ምን ሆነሽ?» ትላለች። «ተከፍቻለሁ» ቢሏት ግን የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በማን?» ነው። ምክንያቱም «ተከፋሁ» ከኋላው «በ»ን ይጎትታል፤ «በአንተ ተከፍቻለሁ»፣ «በአለቃዬ ተከፋሁ»። ሰው እንዳንከስ ተብሎ የተሰጠን ግሥ ተከሳሽ ይዞ መጣ ማለት ነው።

«ደበርኩ» የሚለውም አያድነንም። ይህ ጨርሶ ሌላ ነው። ሰው መሀል ዝም ብሎ ያመሸ ልጅ «ዛሬ ደበርኩ አይደል?» ይላል። ጨዋታ አልነበረኝም፣ አሰለቸኋችሁ ማለቱ ነው። «ደበርኩሽ?» የሚለው የፍቅረኞች ጥያቄም እዚሁ ነው። «ተደበርኩ»ን ወጣቶች ያበጁት «ተጨነቅኩ»ን አይተው ይመስላል። አሠራሩ ከቋንቋው ውጪ አይደለም፤ ሊዘልቅም ይችላል። በጨዋታ ላይ አልከለክልዎትም። ደብዳቤ ላይ ግን እኔ «ደበረኝ» ብዬ እጽፋለሁ።

አማርኛ ስሜትን ሁሉ ከላይ የሚወርድብን ነገር ያደርጋል የሚለውም እውነት አይደለም። «ፈራሁ»፣ «አፈርኩ»፣ «ቀናሁ»፣ «አዘንኩ»፣ «ተቆጣሁ»፣ «ደነገጥኩ» እንላለን። ሁሉም ላይ ባለቤቱ «እኔ» ነኝ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ኤክማን በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ ስፍራ በሚኖሩ የፎሬ ሰዎች ዘንድ የፊት ገጽታ ካጠና በኋላ (እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ መሆኑ ነው) መሠረታዊ ያላቸው ስሜቶች 6 ነበሩ፤ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘን፣ ደስታ፣ መጸየፍና መገረም። እነዚህን ወደ አማርኛ ግሥ መልሷቸው። አራቱ፣ ማለትም ተቆጣሁ፣ ፈራሁ፣ አዘንኩና ተጸየፍኩ፣ በ«እኔ» የሚሄዱ ናቸው። ሁለቱ በሁለቱም መንገድ ይሄዳሉ፤ ደስ አለኝም ተደሰትኩም፣ ገረመኝም ተገረምኩም። ኤክማን ያለውን 6 ያልተቀበሉ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አለ። ለእኛ ጉዳይ ግን ይበቃል። ከስድስቱ አንዱም እንኳ በ«ኝ» ብቻ ታስሮ አልተገኘም።

«ስሜት» ራሱ ከ«ሰማ» ነው የወጣው። ሕመም ይሰማኛል፣ ደስታ ተሰማኝ እንላለን። ድምፁን ጠርቼ አላመጣሁትም፤ ሰሚው ግን እኔ ነኝ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጀምስ እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣው ጽሑፍ ሰውነት ቀድሞ ይናወጣል፣ ስሜት የምንለው ያንን መናወጥ ስናውቀው ነው ብሎ ነበር። ቅደም ተከተሉን ብዙዎች ተከራክረውበታል። ቆሽቱ ላረረና አንጀቱ ለተላወሰ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሐሳቡ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም።

በ«ኝ» የሚሄደው ቅርጽ አንድ የምወድለት ጠባይ አለው። ሰው ሲያጽናኑ «አይክፋህ»፣ «አይጭነቅሽ»፣ «አይድበርህ» ይባላል። ልብ ይበሉ፤ ትእዛዙ የተሰጠው ለከፋው ሰው አይደለም። ለስሜቱ ነው። «አይንካህ» ዓይነት ነው የሚባለው። «አትጨነቅ» ስንል ግን ተግሣጹ ቀጥታ ሰውየው ላይ ያርፋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በተጨነቀ ሰው ላይ «አትጨነቅ» ብሎ መጮህ ግን ምን ያህል እንደሚያጽናና እርስዎም ያውቁታል።

አሠልጣኙ ያነሱት ጉዳይ ግን ባዶ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ስለ ተነሳሽነት ባዳበሩት አስተሳሰብ ሰው ከልቡ እንዲሠራና ደህና እንዲሆን ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የራስ ምርጫ፣ እችላለሁ ማለት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር። ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎችን እንቆቅልሽ አስፈታ። ለገሚሶቹ ከፈላቸው። ክፍያው ሲቋረጥ የተከፈላቸው ልጆች በነፃ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመንካት ፍላጎታቸው ቀነሰ። የነገሩ ባለቤትነት የሚያድገው ወይም የሚቀንሰው እንዲህ ባለ ቦታ ነው እንጂ በ«ተ» ፊደል አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ ሠራተኛው ሥራውን በራሱ መላ እንዲሠራ ቢፈቅድ ከግማሽ ቀን ሥልጠና የተሻለ ይሠራ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ቃል ምንም አያደርግም ማለቴ ደግሞ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት አይተው ስሜቱን በስሙ ሲጠሩ አሚግዳላ የሚባለው፣ ፍርሃትን ለመሰለ ስሜት ምላሽ የሚሰጠው የአንጎል ክፍል ረገብ ሲል ታይቷል። ስም መስጠት ይረዳል። ስለዚህ ስሙን መምረጥ ላይ ነው መድከም ያለብን።

እዚህ ላይ እኔም ቅሬታ አለኝ። «ደበረኝ» ሁሉን ጠቅልሎ ወስዶታል። ፈተና ወደቀ፣ ደበረኝ። ጓደኛው ቀረችበት፣ ደበረኝ። መብራት ጠፋ፣ ደበረኝ። ፊልሙ ረዘመ፣ ደበረኝ። እናቶቻችን እነዚህን በአንድ ቃል አይጨርሷቸውም። አንድ ነገር ሲደጋገም «ሰለቸኝ» ነው። ተደጋግሞ ጉልበት ሲጨርስ «ታከተኝ»። የተጎዳ ነገር ሲኖር፣ ቃል ወይም ዝምታ ሲያቆስል «ከፋኝ»። ሩቅ ያለ ሰው ትዝ ብሎ እንባ ዓይን ሥር ሲደርስ «ሆዴ ባባ»። ሰውየው ሲጠፋ «ናፈቀኝ»፤ ግሡም ከተናፈቀው ጋር ይስማማል፤ «እናቴ ናፈቀችኝ»፣ «ጣና ናፈቀኝ»። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀኑ ሲጨልም ነው «ደበረኝ»። ይህን ለይቶ የተናገረ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ግማሹን ተናግሯል። የሰለቸው ለውጥ ይፈልጋል። የከፋው ይቅርታ ይፈልጋል። የናፈቀው ስልክ ይደውላል።

አንድ ቃል በተለይ ላስታውስዎ፤ «አሰኘኝ»። «ቡና አሰኘኝ»፣ «መሄድ አሰኘኝ» እንላለን። ዘመዱ «አማረኝ» ነው፤ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ያማረው ሰው ሐይቅ ዳር ምን እንደሚያደርግ አይጠፋዎትም። መልካም ጤና ላይ ያለ ሰውን በቀን ብዙ ነገር ያሰኘዋል። «ምንም አላሰኘኝም» ሲል ግን ልንሰማው ይገባል። ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ያደርሰናል።

ድብርት ከ«ደበረ» የወጣ ስም ነው። ማንንም የሚጎበኝ፣ ዝናብ የሚያመጣው፣ ጨዋታ የሚያባርረው ስሜት ነው። ድባቴ ውስጥ «ረ» የለችም፤ በድምፁ «ሰውነቴን ድብት አለኝ» ወደሚለው ይቀርባል። ዛሬ ጤና ባለሙያዎችና መገናኛ ብዙኃን በእንግሊዝኛ ዲፕሬሽን ለሚባለው በሽታ ስም አድርገው ይጠቀሙበታል። አንዳንዱ በሽታውንም ድብርት ይለዋል፤ ስሕተት ነው አልልም። ሁለት ቃል ካለን ግን ለሁለት ነገር ብናውላቸው ይሻላል። ለስሜቱ ድብርት፣ ለሕመሙ ድባቴ። ፈተና የወደቀ ልጅ «ድባቴ ያዘኝ» ሲል ቃሉ ይረክሳል፤ የምር የታመመው ሰው ሲናገር የሚሰማው ያጣል።

መለያው ምንድን ነው? በሐኪሞች መመዘኛ ድባቴ ለመባል ምልክቶቹ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑ መቆየት አለባቸው። ከ9 ምልክቶች 5ቱ መታየት አለባቸው። ከእነዚህም አንዱ የስሜት መጨለም ወይም ያ ያልኩት «ምንም አላሰኘኝም» መሆን ይኖርበታል። ሌሎቹ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት፣ ራስን ከመጠን በላይ መውቀስ፣ ሞትን ማሰብና የመሳሰሉት ናቸው። ሰው ከድባቴ በተራ ምክር ብቻ አይወጣም፤ ሕክምና አለው።

አማርኛ ይህን የጊዜ ነገር ከጥንት ጀምሮ በግሥ ይቆጥረዋል። «ደብሮኝ ዋለ» የአንድ ቀን ነው። «ደብሮኝ ሰነበተ» ከሰንበት የመጣ ስለሆነ ሳምንታትን ይነካል። «ደብሮኝ ከረመ» ክረምትን ያህል ይረዝማል። «ባጀ» ደግሞ በጋን። የሐኪሙ 2 ሳምንት የሚወድቀው «ሰነበተ» ላይ ነው። እህትዎ ወይም ልጅዎ «ደብሮኝ ሰነበተ» ካለችዎ፣ ያውም ምንም የማያሰኛት ከሆነ፣ ሰዋስው ትተው ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። «ከረመ»ን አይጠብቁ። ራሷን ስለ ማጥፋት ካነሳች ደግሞ የዚያኑ ዕለት ይሂዱ።

በነገራችን ላይ ሰላምታችን ውስጥ ያሉትም እነዚሁ ግሦች ናቸው። እንደምን ዋላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። መጽሐፍ ላይ ይህን ሁሉ «የአእምሮ ደኅንነት» ይሉታል። ቃሉ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ከ«ደኅና» ነው የመጣው። ችግሩ «ደኅንነት» ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሲቪል የለበሰ ሰው መሆኑ ነው። እኔ «የአእምሮ ጤና» ይቀናኛል።

የቀረችው «እናቴን ደበራት» ናት። በጥንቃቄ ሲጻፍ «እናቴን ደበራት»፣ «ልጁን ራበው»፣ «አባቴን ደከመው» ነው። የደበራት እናት የግሡ ባለቤት ሳትሆን ተሳቢ ስለሆነች «ን» ይገባታል። በንግግር ግን «እናቴ ደበራት» ይባላል፤ እኔም እላለሁ። እናት በወሬው ውስጥ ዋናዋ ስለሆነች ቀድማ ትጠራለች፣ «ን»ም ትወድቃለች። ግሡ መጨረሻ ላይ ያለው «አት» ማን እንደ ደበራት ሳይሆን ማንን እንደ ደበራት ስለሚናገር ትርጉሙ አይምታታም። «እናቴ ደበረችኝ» እንዳይሉ ብቻ ይጠንቀቁ፤ እሱን ቢሰሙ እንደ አሁኑ ስቀው አይተዉዎትም።