የውስጥ ድስቱን አታውጪው

የጓዳ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንዴት ነዎት። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሮስተር ይዛልኝ መጥታ ነበር፣ ያ ጠረጴዛ ላይ ሚቀመጠው ሞላላው፣ ውስጡ ወልቆ ሚወጣ ጥቁር ድስት ያለው። እስካሁን ከካርቶኑም አላወጣሁት። አሁን የወንድሜ ኒካህ ደረሰና ወደ 80 ሰው እንጠብቃለን፣ እና ያሰብኩት ምንድነው ጥቁሩን ድስት አውጥቼ በሱ ቦታ ያንን አንዴ ተጠቅመን ምንጥለውን የፎይል ትሪ ላስገባበት፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየቀየርኩ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ ያን ሁላ ድስት ማን ያጥባል? ባለቤቴ ይቀልጣል ይላል፣ እኔ አይቀልጥም እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ የኔ እህት እንኳን ደስ አላችሁ፣ ኒካሁን ሸጋ ያርግላችሁ። ክርክሩን ላንቺ ፈርጄልሻለሁ፣ አይቀልጥም። አሉሚኒየም ሚቀልጠው 660 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሮስተርሽ እስከመጨረሻው ቢዞር 230 አካባቢ ነው ሚደርሰው። ግን ቶሎ ደስ እንዳይልሽ፣ ሀሳቡ ራሱ አይሆንም። ጥቁሩን ድስት ስታወጪው የሚቀረው እኮ ቀፎው ነው፣ ዙሪያውን ከግድግዳው ጀርባ ሬዚስታንሱ የተጠመጠመበት ቀፎ። ለምግብም ለውሃም አልተሰራም። ፎይል ትሪ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ማንኪያ ጫር ሲያረገው ይበሳል፣ ጥግ ጥጉ ላይ የታጠፈበት ቦታ ያንጠባጥባል፣ እና ወጡ አንዴ ቀፎው ውስጥ ከገባ ወይ ያራል ይሸታል ወይ ወደ ሽቦው ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ብሬከሩ ቢወርድ እድለኛ ነሽ፣ ካልወረደ ነው ሚያስፈራው። ስለዚ ጥቁሩ ድስት አይወጣም። ትሪው ሚገባው እሱ ውስጥ ነው።

እንዲህ አርጊ። ጥቁሩን ድስት በቦታው አስቀምጪና ታቹ ላይ ሁለት ጣት ሚያህል የፈላ ውሃ አፍስሺበት፣ ከዛ ፎይል ትሪውን ውሃው ላይ አስቀምጪ፣ ክደኚው። ወጡ ቀድሞ በድስት ተሰርቶ ያለቀ ይሁን፣ ሮስተሩ እንዲያሞቅልሽ እንጂ እንዲያበስልልሽ አትጠብቂ። በትሪና በድስቱ መሀል አየር ስለሚገባ ሙቀቱ ቶሎ አይደርስም፣ በዛ ላይ እሳቱ ከጎን ስለሆነ ዳር ዳሩ ሲንተከተክ መሀሉ ለብ ብሎ ታገኚዋለሽ። ማዞሪያው በፋራናይት ነው፣ 200 ላይ አርጊው፣ በኛ 93 ዲግሪ ማለት ነው። ዋናው ነገር ምግቡ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ነው፣ ከዛ ከወረደ ተህዋስ ይራባበታል። ቀዝቃዛ ወጥ ከፍሪጅ አውጥተሽ በቀጥታ እዛ እንዳትከቺ፣ መጀመሪያ በድስት አፍልተሽ ነው። ውሃው ሲያልቅ ደሞ ትኩስ ጨምሪበት እንጂ የቧንቧ ቀዝቃዛ እንዳትደፊ፣ የጥቁሩ ድስት ቅብ ይሰነጠቃል። (ደሴ ላሉ ዘመዶችሽ ንገሪያቸው፣ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃ እዛ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ሚፈላው፣ እናንተ ጋ ወደ 94። ለማሞቅ ችግር የለውም፣ ግን ውሃው ቶሎ ሚተነው ለዚህ ነው።) እንዲህ ከሰራሽ ጥቁሩ ድስት ውስጥ ሚቀረው ውሃ ብቻ ነው፣ ደፍተሽው ትጨርሻለሽ፣ የፈረቃ ውሃሽም ተረፈ።

ትሪ ስትገዢ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። ትልቁ ትሪ 53 በ33 ሴንቲ ሚሆነው አብዛኛው ሮስተር ውስጥ አይገባም፣ ገብቶ ቢጣመም ደሞ ከንፈሩ ክዳኑን ያነሳውና እንፋሎቱ ሁላ ይወጣል። ግማሹ፣ 32 በ26 አካባቢ ሚሆነው ይሻልሻል። እና ሁለት ትሪ ደራርበሽ አንድ አርጊው፣ አደራ። እኔ ምን ሆንኩ መሰለሽ፣ ደሴ ሙጋድ አንድ ሰርግ ላይ ሙሉ የዶሮ ወጥ ትሪ በሁለት እጄ ጠርዙን ይዤ ደረጃ ስወጣ መሀሉ እንደ ደብዳቤ ታጠፈ። ነጠላዬም እንግዳውም ሙሽራውም ቀይ ሆነን ዋልን። የሙሽራው አክስት እስካሁን ሲያገኙኝ «ዶሮዋ መጣች» ይሉኛል። ከስሩ ጠፍጣፋ ጠንካራ ትሪ ወይ ጣውላ አርጎ መሸከም ነው።

አሁን ግን ከፎይሉ በፊት ሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ፣ አንቺ ያልጠየቅሽኝ። ሮስተሩ ከአሜሪካ ነው አልሽ አይደል? ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቢው። 120 ቮልት ካለ በእኛ 220 በቀጥታ ከሰካሽው ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው ሚሆነው፣ 1450 ዋት የነበረው ወደ 4900 ይጠጋል፣ ከእንጀራ ምጣድ በላይ ማለት ነው። በደቂቃ ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ወይ ሰርጉ ላይ እሳት ያነሳል። ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፣ እሱም ለስልክ ቻርጀር ተብላ ምትሸጠዋ ትንሽዋ አይደለችም፣ ቢያንስ 2000 ዋት፣ 3000 ቢሆን ደሞ ይመረጣል። እና ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ፣ ዲቫይደር ላይ ከቴፑ ከመብራቱ ከቡና ማፍያው ጋር አይሆንም። ሰው ሁላ ሳይመጣ በፊት አንድ ቀን ባዶ ውሃ አርገሽ ሞክሪው፣ አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ትንሽ ያጨሳል ይሸታል፣ መስኮት ክፈቺለት።

መብራት ቢጠፋስ? ክዳኑን አትክፈቺ፣ ተከድኖ ሙቀቱ ይቆያል። እየቆየ ከሄደ ግን ወደ ከሰል ነው፣ እና እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ፎይል ትሪውን እንዳለ ከሰል ምድጃ ላይ ይጥደዋል። ከሰል በነፋስ ሲቀጣጠል ከዛ 660 ካልኩሽ ሊያልፍ ይችላል፣ ያ ስስ ታች ወጥ ካልነካው ቦታ ተበስቶ ታገኚዋለሽ፣ ባልሽ ትክክል ሚሆነው ያኔ ነው። ወደ ድስት ገልብጠሽ ጣጂ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ይሄ የወሎ ጉዳይ ነው። ጎረቤቶችሽ ክርስቲያን ካሉ፣ መቼም ሳይኖሩ አይቀሩም፣ ለነሱ ለብቻው ታርዶ ለብቻው ሚሰራ አለ። ሁለት ትናንሽ ትሪ ጎን ለጎን አንድ ሮስተር ውስጥ ማስገባት ትችያለሽ ብሎ ሚመክርሽ ሰው ይኖራል፣ እኔ አልመክርሽም። ከክዳኑ ሚንጠባጠበው ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፣ ማንኪያውም ይደባለቃል፣ ከዛ ያ ሁሉ መለየት ለምን ነበር? አንዱን ሮስተር ላይ አንዱን ከሰል ላይ አርጊና አብሽሪ።

ጥያቄ፦ እትዬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። የቲማቲም ስልስ በስቲል ትሪ አርጌ ላዩን በፎይል ከድኜ ሳሳድረው ጠዋት ፎይሉ መርፌ እንደወጋው ተበሳስቶ ስልሱ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ አገኛለሁ። አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ አጠመድኩ፣ ምንም የለም። ፎይሉ ፎርጅድ ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ አይጧን በነጻ ልቀቃት። ፎይሉም ፎርጅድ አይደለም፣ አንተ ሳታውቀው ባትሪ ሰርተህ ነው ያደርከው። ስቲልና አሉሚኒየም ሲነካኩ፣ መሀላቸው ጨውና አሲድ ያለው እርጥብ ነገር ሲኖር፣ ልክ እንደ ባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ተበልቶ ሚያልቀው ደሞ አሉሚኒየሙ ነው። ቲማቲም አሲድ አለው፣ ጨው አርገህበታል፣ ፎይሉ ጠርዙ ላይ ስቲሉን ነክቷል መሀሉ ወርዶ ስልሱን ነክቷል፣ በቃ ዙሩ ሞላ። ነጠብጣቡ የተበላው አሉሚኒየም ነው፣ ያለበትን በማንኪያ ገፈህ ጣለው፣ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። ፎይሉ ምግቡን እንዳይነካ ከፍ አርገህ ወጥረው፣ ወይም በቀላሉ የድስት ክዳን ወይ ፕላስቲክ። ለአዋዜ፣ ሎሚ ላለበት ሰላጣ፣ አቼቶ ለነካው ሁሉ እንደዛው ነው፣ በፎይል ትሪ ለምሳ ሰዓት ማቅረብ ይቻላል፣ ማሳደር ግን አይሆንም። አልጫና ሩዝ ይሄን ያህል አያስቸግሩህም።

ጥያቄ፦ እትዬ አጭር ናት። ፎይል ትሪ ታጥቦ ድጋሚ ይሰራል? እናቴ አትጥይው ትላለች። ሆጤ፣ ደሴ።

መልስ፦ እናትሽ አንድ አራተኛ ልክ ናቸው። ዳቦ ወይ ኬክ የጋገርሽበት ከሆነና ካልተጣመመ በእጅሽ በስፖንጅ አጥበሽ አንዴ ሁለቴ ተጠቀሚበት፣ በብረት ማሻሻ ግን አይደለም ያቀጥነዋል። ስጋ ጥሬውን የነካ፣ ወጥ የዋለበት፣ ወይም ወደ መስኮቱ ከፍ አርገሽ ስታዪው ብርሃን ሚያሳልፍ ከሆነ ይጣል። እናትሽ እንቢ ካሉ ችግኝ ያፍሉበት።