በድራፍት ወደ ኋላ መውረድ የሚያዋጣው መቼ ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (NFL) ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋቾችን በዙር በዙር፣ ደካማው ቀድሞ፣ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል፤ ቡድኖች ተራቸውን መነጋገድም ይችላሉ። በዚህ ላይ ጠያቂው ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። የዋሽንግተን ቡድን አስተማማኝ ኳርተርባክ (ጥቃቱን የሚመራ ኳስ ወርዋሪ) ካገኘ ወዲህ በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር ከፊት ያለ ተራ ሲደርሰው ተጫዋቹን ይውሰድ፣ ወይስ ተራውን ለሌላ ቡድን ለቅቆ ወደ ኋላ በመውረድ ተጨማሪ ምርጫዎችን ይሰብስብ? ከወረደስ ክፍያውን በዚያው ዓመት ምርጫ ይቀበል ወይስ በሚቀጥለው ዓመት? ሜሪላንድ ነዋሪ ከሆንኩ ጀምሮ ይህን ቡድን ስለምደግፍ፣ ድራፍቱንም ከጨዋታው ባልተናነሰ ትኩረት ስለምከታተል፣ ካየሁት ተነሥቼ የማምንበትን በዝርዝር ልጻፍ።

በእኔ እምነት ኳርተርባክ ያለው ቡድን መውረድ አለበት፤ ስንት ቦታ እንደሚወርድ ሊወስንለት የሚገባው ግን ተጫዋቾችን በደረጃ ባስቀመጠበት በራሱ ሰሌዳ ላይ በእኩል ደረጃ የሚፈልጋቸው ተጫዋቾች ቁጥር ነው። 7ኛ ተራ ላይ ያለ ቡድን እኩል የሚመኛቸው አራት ተጫዋቾች ገና ካልተወሰዱ፣ ወደ 10ኛ ቢወርድ ከአራቱ አንዱ ያለ ጥርጥር ይደርሰዋል። ወደ 16ኛ ከወረደ ግን የሚደርሰው ሌሎች የተዉለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሆኖም ደጋፊውም፣ አንዳንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁም፣ የሚቀበለውን ሲቆጥር የሚለቀውን መቁጠር ይዘነጋል።

ለዚህ ከ2021 ድራፍት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ የተፈጸመውም ዳላስ፣ ፊላደልፊያና ጃያንትስ ባሉበት በእኛው ምድብ ውስጥ ነው። ዳላስ ካውቦይስ 10ኛ ተራ ላይ ነበር። የዚያ ዓመት ሁለቱ ታላላቅ ኮርነርባኮች (ኳስ ተቀባዮችን የሚጠብቁ ተከላካዮች) ከፊቱ ተወሰዱበት፤ ጄሲ ሆርን በ8ኛ ወደ ካሮላይና፣ ፓትሪክ ሰርቴይን በ9ኛ ወደ ዴንቨር ሄዱ። በዚህ ጊዜ ዳላስ ተራውን ለተቀናቃኙ ለፊላደልፊያ ኢግልስ ለቅቆ ሁለት ቦታ ብቻ ወረደና 12ኛውን ምርጫ ከሦስተኛው ዙር 84ኛ ምርጫ ጋር ተቀበለ። ፊላደልፊያ ዴቮንታ ስሚዝን ወሰደ። 11ኛ ተራ የኒው ዮርክ ጃያንትስ ነበር፤ እርሱም እንደዚሁ ለመውረድ ወሰነ፣ ነገር ግን ዘጠኝ ቦታ ወረደ። ቺካጎ ቤርስ ኳርተርባኩን ጀስቲን ፊልድስን ለመውሰድ ሲል ለጃያንትስ 20ኛውን ምርጫ፣ የዚያን ዓመት የአምስተኛ ዙር ምርጫ፣ እንዲሁም የ2022ን የመጀመሪያና የአራተኛ ዙር ምርጫዎች ሰጠ። ከዚያ በኋላ 12ኛ ላይ ዳላስ ማይካ ፓርሰንስን ጠራ።

ሁለቱም ቡድኖች ወረዱ፤ በወረቀት ላይ ሲታይ የበለጠ የተከፈለው ጃያንትስ ነው። ሆኖም ጃያንትስ በ20ኛው ምርጫ ካዴሪየስ ቶኒን ወስዶ በሁለተኛው የውድድር ዘመን አጋማሽ ላይ ለካንሳስ ሲቲ አሳልፎ ሰጠው። ከቺካጎ ያገኘው የ2022 ምርጫ 7ኛ ተራ ቢሆንለትም የወሰደው ኤቫን ኒል በታክል (የጥቃት መስመሩ ጫፍ ጠባቂ) ቦታ ላይ የተጠበቀውን ያህል ሊሆን አልቻለም። ፓርሰንስ ግን በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ፤ እኛም ለዓመታት በየወቅቱ ሁለት ጊዜ እርሱን ለመግጠም ተገደድን። ጃያንትስ 11ኛ ላይ ሳለ ፓርሰንስ ከፊቱ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ስለ ክፍያው ሲነሣ ብዙዎቻችሁ የነጥብ ሠንጠረዡን ትጠቅሳላችሁ። ይህ ሠንጠረዥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ጂሚ ጆንሰን ዳላስን ባሠለጠነበት ዘመን የተዘጋጀ ሲሆን ለ1ኛው ምርጫ 3,000፣ ለ10ኛው 1,300፣ ለ32ኛው 590 ነጥብ ይሰጣል። የሚቀርብ ክፍያ ፍትሐዊ መሆኑን በፍጥነት ለመመዘን ይጠቅማል። በ2018 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ከ3ኛ ወደ 6ኛ ለመውረድ ከኒው ዮርክ ጄትስ 6ኛውን፣ 37ኛውንና 49ኛውን ምርጫ ከ2019 የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር ተቀበለ። የዚያን ዓመት ሦስት ምርጫዎች ብቻ ብንደምር 1,600፣ 530 እና 410፣ በጠቅላላው 2,540 ነጥብ ይሆናል፤ 3ኛው ምርጫ ደግሞ 2,200 ነው። ንግዱን ያሳመረው ግን ይህ ትርፍ ብቻ አይደለም። ኮልትስ በወቅቱ አንድሩ ለክ የተባለ ኳርተርባክ ነበረው፤ ከላይ የነበሩት ቡድኖች ደግሞ ኳርተርባክ ፈላጊዎች ስለነበሩ፣ ሦስት ቦታ ቢወርድም የሚፈልገው ጋርድ (ከመስመሩ መሀል አጠገብ ያለ ጠባቂ) ኩዌንተን ኔልሰን ሊደርሰው እንደሚችል መገመት ይችል ነበር። ደረሰውም፤ ኔልሰን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በተከታታይ የሊጉ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ ገባ። በ37ኛው የተወሰደው ብሬደን ስሚዝም ለዓመታት የመስመሩን ቀኝ ጫፍ ጠበቀ።

የእኛ ቡድን የዚህን ጉዳይ ሌላኛውን ወገን በራሱ ላይ አይቶታል። በ2012 ዋሽንግተን ከ6ኛ ወደ 2ኛ ለመውጣት ለሴንት ሉዊስ ራምስ የዚያን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ምርጫዎቹን፣ በተጨማሪም የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ሰጠ። በዚህ ተራ የተወሰደው ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፈን ሦስተኛው በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን የምድቡ አሸናፊ አደረገ፤ በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው ጨዋታ ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ግን ወደዚያ ብቃት አልተመለሰም። ዲሴምበር 7 ቀን 2014 ራምስ ወደ ሜዳችን ወደ ላንዶቨር ሲመጣ እኔም ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። ሳንቲም ሊጣል ሲል አሠልጣኝ ጄፍ ፊሸር በዚያ ንግድ የተገኙትን ስድስት ተጫዋቾች አምበል አድርጎ ወደ መሀል ሜዳ ላካቸው። ጎን ለጎን ሆነው ሲወጡ ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች የመለያ ቁጥራቸውን እያዩ ስማቸውን አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር፤ ነገሩ የገባው ሁሉ ዝም አለ። ጨዋታውንም 24 ለ 0 ተሸነፍን።

ያ ቀን ለብዙ ጓደኞቼ ወደ ኋላ መውረድ ምንጊዜም ትክክል መሆኑን ያረጋገጠ ሆነ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የራምስን ታሪክ መከታተሌን አላቋረጥኩም። ያን ሁሉ ምርጫ የሰበሰበው ቡድን ከ2012 እስከ 2015 በአንዱም የውድድር ዘመን ከተሸነፈው በላይ አላሸነፈም። ከእኛ በወሰደው የ2014 2ኛ ምርጫ የመረጠው ግሬግ ሮቢንሰን አልተሳካለትም፤ የዘመኑ ታላቅ ተከላካይ የሆነውን አሮን ዶናልድን ያገኘው በራሱ 13ኛ ምርጫ ነበር። ምርጫ ማብዛት የመምረጥ ዕድልን ያበዛል እንጂ የመልማዮቹን ዓይን አያሻሽልም፤ አስተማማኝ ኳርተርባክ በሌለበት ደግሞ ስድስት ጥሩ ተጫዋቾችም ቡድኑን ከመሀል ሠፋሪነት አላወጡትም።

ስለ ኳርተርባክ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። በ2017 በፋሎ ቢልስ 10ኛ ተራውን ለካንሳስ ሲቲ ለቅቆ ወደ 27ኛ ወረደ፤ 27ኛውን፣ 91ኛውንና የ2018ን የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ተቀበለ። በ27ኛው የወሰደው ትሬዴቪየስ ዋይት ግሩም ኮርነርባክ ወጣው። ካንሳስ ሲቲ ግን በ10ኛው ኳርተርባኩን ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ። በፋሎ በቀጣዩ ዓመት የራሱን ኳርተርባክ ጆሽ አለንን ለማግኘት ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፤ አግኝቶትም ቢሆን ከ2021 እስከ 2025 ባሉት ዓመታት በጥሎ ማለፍ አራት ጊዜ በማሆምስ ተሸንፏል። ኳርተርባክ የሌለው ቡድን፣ የሚያምንበት ልጅ ከፊቱ ካለ፣ የትኛውም ክፍያ ሊያስወርደው አይገባም። ዋሽንግተን በ2024 2ኛ ተራውን ይዞ ኳርተርባኩን ጄይደን ዳንኤልስን መውሰዱ ልክ ነበር፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 12 ጨዋታ አሸንፎ ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ አድርሶናል።

ለሌላ ቦታ ተጫዋች ሲሆን ግን አስተሳሰቤ ይለያል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሪቻርድ ቴለርና ባልደረባው ኬድ ማሲ ድራፍቱን ሲያጠኑ፣ አስቀድሞ የተመረጠ ተጫዋች በዚያው የጨዋታ ቦታ ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ዕድል 52 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ሳንቲም ከመጣል ብዙም አይሻልም። አንዱን ላይንባከር (ከፊት መስመር በስተኋላ የሚቆም ተከላካይ) ከሌላው ለይቶ ማወቅ ይህን ያህል አስቸጋሪ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ መሞከር ከአንድ ጊዜ ይሻላል። ጥናታቸው በአብዛኛው የተመሠረተበት ዘመን ለአዲስ ተጫዋቾች ብዙ ገንዘብ ይከፈል የነበረበት መሆኑ መታወስ አለበት። በ2010 1ኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የስድስት ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል፤ የአዲስ ተጫዋቾችን ክፍያ የገደበው አዲሱ የሠራተኛ ስምምነት ከመጣ በኋላ በ2011 1ኛ የተመረጠው ካም ኒውተን የፈረመው ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ነው። ዋጋው ስለረከሰ ከፊት መምረጥ ዛሬ የቀድሞውን ያህል አያከስርም፤ ከሁሉ በላይ የተጠቀመው ግን ወጣት ኳርተርባክ ያለው ቡድን ነው፤ ሊጉ ለእያንዳንዱ ቡድን ባስቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ ውስጥ የሚተርፈውን ገንዘብ ለሌሎች ያውለዋልና። ይህ የእኛም ሁኔታ ስለሆነ፣ በርካሽ ውል የሚጫወቱ ጥሩ ወጣቶችን ቁጥር ማብዛት ይጠቅመናል እላለሁ።

የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ይቀራል። በ2023 ቺካጎ 1ኛ ተራውን ለካሮላይና ሲለቅ 9ኛውንና 61ኛውን ምርጫ፣ የ2024ን የመጀመሪያ ዙር፣ የ2025ን የሁለተኛ ዙር ምርጫ፣ እንዲሁም ሪሲቨሩን (ኳስ ተቀባዩን) ዲጄ ሙርን ተቀበለ። ካሮላይና በዚያ ዓመት 2 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 15 ስለተሸነፈ የ2024ቱ ምርጫ 1ኛ ተራ ሆነ፤ ቺካጎም የእኛው ከተማ ልጅ የሆነውን ኳርተርባክ ኬሌብ ዊሊያምስን ወሰደበት። ስለዚህ ሁለት ቡድኖች ተመሳሳይ ክፍያ ቢያቀርቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይወድቃል ብዬ የምገምተውን ቡድን የወደፊት ምርጫ እቀበላለሁ። ለዚህ ግን ባለቤቶቹ ሥራ አስኪያጁን በሚቀጥለውም ዓመት በቦታው እንደሚያቆዩት ሊያረጋግጡለት ይገባል፤ ወንበሩ የሚያሠጋው ሰው ለተተኪው የሚሆን ምርጫ ለማስቀመጥ ሲል ዛሬ የሚያድነውን ተጫዋች አይለቅም።