«ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት

ሰኔ ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ስለ ትምህርት ቤት ይሆናሉ። ካርድ፣ የወላጆች ቀን፣ ሽልማት፣ ጋዎን። ዘንድሮ ከመጡት ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስማችሁንም አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ጎፋ ነው የምንኖረው። ትልቁ ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። በአንደኛው ሴሚስተር አማካዩ 71 ነበር፣ 9ኛ ወጣ። በሁለተኛው ግን በጣም ተጋ፣ ማታ ማታ ሒሳብ ሲሠራ ነበር የሚያመሸው። አማካዩ 78 ደረሰ፤ ደረጃው ግን 14ኛ! አባቱ ሲሰማ «ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለው። ልጁ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ታናሽ እህቱ 3ኛ ክፍል ናት፣ ሁሌ አንደኛ ነው የምትወጣው፣ በወላጆች ቀንም መድረክ ላይ ትጠራለች። የዚያን ቀን እሱን ምን ላድርገው? ከቤት ላስቀረው?

መልስ፦ አታስቀሪው። እህቱ ስትሸለም ወንድሟ ማጨብጨብ አለበት። ከቤት ካስቀረሽው «አንተ የምታሳፍር ነህ» ብለሽ እንደነገርሽው ነው የሚቆጥረው።

አሁን ወደ ደረጃው። ይቺን ለአባትየው አንብቢለት። አማካይ የሚናገረው ስለ ልጃችሁ ነው፤ ደረጃ የሚናገረው ስለ ሌሎቹ ልጆች ጭምር ነው። ሃምሳ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል መሐል ላይ ያሉት ልጆች ብዙ ጊዜ ተጠጋግተው ነው የሚገኙት፣ አንዳንዴ የሚለያዩት በነጥብ ምናምን ነው። ሁለት ጎበዝ ልጆች ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው ቢመጡ፣ ሦስት አራቱ አስጠኚ ቢቀጠርላቸው፣ ወይ ፈተናው ቀለል ብሎ የሁሉም ውጤት ከፍ ቢል፣ የአንቺ ልጅ 7 ነጥብ ጨምሮም ደረጃው ሊወርድ ይችላል። የሆነውም ይኸው ይመስለኛል። ልጁ ወደ ኋላ አልሄደም።

ይህን ለልጁ መንገር ያለበት አባቱ ነው። አንቺ ብትነግሪው «እናቴ ልታጽናናኝ ነው» ይላል። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ለብዙ አባቶች እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ እሺ ይቅርታው ይቅር። ካርዱን ይዞ አጠገቡ ይቀመጥና የሁለቱን ሴሚስተር ውጤት በየትምህርቱ ያስተያዩ። አማርኛ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ? ሒሳብስ? ጭማሪው ከየት እንደመጣ አብረው ይፈልጉ። ከሒሳብ ከሆነ ያ ሁሉ ማምሸት ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው፣ ያንን ደግሞ አባትየው በራሱ አፍ ይበለው።

በነገራችን ላይ ካርድ ላይ ማንም ልብ የማይላቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ የቀረበት ቀን ብዛትና ጠባይ። ዓይናችን ቀጥታ ደረጃው ላይ ነው የሚያርፈው። ጉንፋኑንም ዝናቡንም ችሎ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር የተማረ ልጅ ቤቱ ውስጥ ሊጨበጨብለት ይገባል ባይ ነኝ፣ 40ኛም ይውጣ።

ሳትጠይቂኝ የእህቱም ነገር ያሳስበኛል። ሁሌ አንደኛ የምትወጣ ልጅ «አንቺማ ጭንቅላት አለሽ!» እየተባለች ነው የምታድገው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ5ኛ ክፍል ልጆችን እንቆቅልሽ ነገር አሠርተው ገሚሶቹን «ብልህ ናችሁ»፣ ሌሎቹን «በርትታችሁ ሠርታችኋል» ብለው አመሰገኗቸው። ብልህ የተባሉት ቀለል ያለውን ሥራ መምረጥ አበዙ፣ ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸውም ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ ጻፉ ሲባሉ ከፍ አድርገው የዋሹትም በብዛት ከእነሱ ወገን ነበሩ። ስለዚህ እሷንም ስለ ጭንቅላቷ ሳይሆን ስለሠራችው ነገር አመስግኗት። አንድ ቀን ሁለተኛ መውጣቷ አይቀርም እኮ፣ ያን ቀን ምን ልትል ነው?

የወላጆች ቀን ካለፈ በኋላ እሑድ ቡና አፍይ፣ ድፎ ዳቦም ድፊ፣ ለሁለቱም። በመስከረም የማይችሉትን፣ አሁን ግን የሚችሉትን አንድ አንድ ነገር ያሳዩ። እሱ ክፍልፋይ ይደምር፣ እሷም የፈለገችውን ታንብብ። አያት ካሉ «እደጉ፣ ተመንደጉ» ብለው ይመርቋቸዋል። ደግሞ አጎትና አክስቶቻቸውን አስቀድመሽ አስጠንቅቂ። ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው የሚለው። «ዘንድሮ ምን ተማርክ?» ይበሉት። መጀመሪያ ላይ አፋቸው አልለመደውምና ያስቃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጇ። 4ኛ ክፍል ለሆነው ልጄ «አንደኛ ከወጣህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ብዬዋለሁ። ባለቤቴ «ልጁን ታበላሸዋለህ» ትለኛለች። ማን ነው ልክ? አባት፣ ከአዳማ።

መልስ፦ ባለቤትዎ።

እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ፤ ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት የሠሩት ነው። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ነበሩ። ገሚሶቹ «ከሣላችሁ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባሉ፣ ተሸለሙም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲታይ እነዚያ ልጆች በነፃ ሰዓታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ይሥሉ ነበር። ቃል ሳይገባላቸው ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። እና ሽልማት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ችግሩ አስቀድሞ «ይህን ካደረግህ ይህን ታገኛለህ» የሚል ድርድር ሲሆን ነው።

ደግሞ አንደኛ መውጣት በልጅዎ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም (ከላይ ለጎፋዋ እናት የሰጠሁትን መልስ ይዩ)። ሁለተኛ ቢወጣስ ጎማውን ብቻ ሊገዙለት ነው? ቃልዎን ያፍርሱ አልልም፣ አንደኛ ከወጣ ይግዙለት። ካልወጣም አቅሙ ካለዎት ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ይግዙለት፣ ልጅ ስለሆነ። ከካርዱ ጋር ግን አያገናኙት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ መምህርት ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል አስተምራለሁ፣ 63 ተማሪ አለኝ። በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲከበር ከክፍሌ ሦስት ልጅ ይጠራል፣ ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጠዋል፣ ስልሳው ቆሞ ያያል። የሚመጡትም እነዚያው የሦስቱ ልጆች ወላጆች ናቸው። አብዛኛው ወላጅ በቀን ሥራና በጉልት ነው የሚተዳደረው፣ ብንጠራውም አይመጣም። ለክፍሌ ብቻ የሆነ ነገር ባደርግ ደስ ይለኛል። ርዕሰ መምህሩ አልከለከሉኝም፣ በጀት ግን የለም።

መልስ፦ ርዕሰ መምህሩ ካልከለከሉሽ ግማሹ አልቋል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ 2ኛ ክፍል ላይ ደረጃ ማውጣት ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን አልገባኝም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ጀምሮ ተከታታይ ምዘና፣ ተከታታይ ምዘና (ልጁን በአንድ ፈተና ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ እየተከታተሉ መመዘን) ሲባል ነው የኖረው። በተግባር ግን ገና ፊደል እየለየ ያለ ልጅ ከ63 ልጅ 51ኛ ይባላል። ያ ቁጥር ለእናቱ ምን ይነግራታል? ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም?

እና መድረኩን ተዪው፣ ክፍልሽ ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጥሪ። ለአምስት ቀን ብታካፍያቸው በቀን 12 ወይ 13 ልጅ ነው፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብትሰጪ ከአርባ ደቂቃ አያልፍም። የገበያ ቀን አይሁን። ሰዓቱን ከመወሰንሽ በፊት ደግሞ ልጆቹን ጠይቂ፤ እናቱ ጉልት የምትወጣው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ አባቱ ሥራ የሚያጣው የትኛው ቀን እንደሆነ ከልጁ በላይ የሚያውቅ የለም። የማለዳዎቹን ከሰልፍ በፊት፣ የሌሎቹን ከሰዓት በኋላ ማድረግ ይቻላል።

መጥሪያውን ልጁ ራሱ ይጻፈው። «እማዬ፣ ሐሙስ ላነብልሽ ነው፣ ነይ» ትበቃለች። እናቱ ማንበብ የማትችል ከሆነ ጭራሽ ይሻላል፣ ልጁ ቤት ሄዶ ያነብላታል። አየሽ፣ በዓሉ እዚያው ተጀመረ ማለት ነው። ወላጅ የሌለው ወይም የማይመችለት ልጅ አክስቱን፣ ታላቅ ወንድሙን፣ ጎረቤቱን ይጥራ። ማንም የማይመጣለት ካለ አስቀድመሽ እወቂና ከሌሎች ሠራተኞች አንድ ሰው እንዲቀመጥለት አድርጊ፤ የጥበቃ ሠራተኛውም ይሁኑ፣ ልጁ የሚወዳቸው ከሆነ።

ምን ያሳዩ? ደብተር። የመስከረሙና የሰኔው ጎን ለጎን። አሁኑኑ አስመጪያቸው፣ ምክንያቱም ያለቀ ደብተር ቤት ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። የተጣመመውን «ሀ ሁ» እና አሁን የሚጻፈውን ዓረፍተ ነገር አንድ ላይ ያየ ወላጅ ማብራሪያ አይፈልግም። ደከም ያለው ልጅ ደግሞ መስከረም ላይ ስሙን መጻፍ የማይችል ከነበረ፣ ጠመኔ ስጪውና አባቱ ፊት ሰሌዳው ላይ ይጻፈው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት አባዝተሽ እንዳታድዪ። ልጅ ሞኝ አይደለም፣ ለሁሉም የተሰጠ ወረቀት ለማንም እንዳልተሰጠ ያውቃል። በምትኩ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይኑርሽ። በቀን ሦስት ልጅ እያሰብሽ ስም መቆጣጠሪያሽ ጥግ ላይ ብትጽፊ በአንድ ወር ያልቃል። «ይቺ ልጅ ቁጥር ስትደምር እጇን መቁጠር ትታለች።» «እሱ ጓደኛው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሮጠው ነው።» ያንን ጮክ ብለሽ ለወላጁ ንገሪ።

አንድ ነገር አደራ፦ መዋጮ አትሰብስቢ። አምስት ብርም ቢሆን፣ ለፈንድሻም ቢሆን። አብዛኛው ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ወይ ልጁ ሲያጠፋ ወይ ገንዘብ ሲፈለግ ነው። «ወላጅ አምጣ» ሲባል ደስ ያለው ልጅ አይቼ አላውቅም። የሌላት እናት አፍራ ትቀራለች፣ ከዚያ አንቺ «ወላጆቹ ግድ የላቸውም» ትያለሽ።

ጥያቄ፦ የልጄ ኬጂ ለምርቃት ጋዎን ኪራይ፣ ፎቶ፣ አዳራሽ እያለ 6,000 ብር ጠየቀን። የለኝም። እሷ ደግሞ «ጓደኞቼ ሁሉ ይለብሳሉ» እያለች ታለቅሳለች። ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ጋዎን ለብሶ፣ ቆቡ ዓይኑ ላይ ወርዶ ሳይ ያስቀኛል፣ ደስም ይለኛል። 6,000 ብሩ ግን አያስቅም። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሯ ጋ ሄደሽ ክፍያው ምን ምን እንደሆነ ተዘርዝሮ ይሰጥሽ፤ ብዙ ጊዜ ጋዎኑ ትንሹ ወጪ ነው፣ የሚያስወድደው ፎቶና አዳራሹ ነው። ጋዎኑን ብቻ ልክፈል በይ። እንደ አንቺ የከበዳቸው ሌሎች እናቶች አይጠፉም፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይሰሟችኋል። ፎቶውን በስልክ አንሺ። እምቢ ካሉሽ ተበድረሽ እንዳትከፍዪ። መስከረም ላይ ለ1ኛ ክፍል ዩኒፎርምና ቦርሳ ይጠብቅሻል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄ ኮምቦልቻ እናቴ ጋር ናት፣ 4ኛ ክፍል። ሁሌ ካርድ ስትቀበል የሌሎቹ እናቶች ይመጣሉ፣ የእኔ ልጅ ከአያቷ ጋር ትሄዳለች። ጥሩ ስታመጣ ልብስ፣ ጫማ፣ ባለፈው ታብሌት ላክሁላት። አሁን ግን ስደውል መጀመሪያ የምትለኝ «ምን ትልኪልኛለሽ?» ነው። ከፋኝ።

መልስ፦ አይክፋሽ። ከአንቺ የሚደርሳት ነገር እሱ ስለሆነ ነው የምትጠይቀው። ዕቃውን መላክ ተዪ አልልሽም፣ ልጅ ልብስና ጫማ ያስፈልጋታል። ግን በበዓል ይሁን፣ ለዘመን መለወጫ ላኪላት፣ በካርድ ቀን አይሁን።

በቪዲዮ ስትደውዪ ደብተሯን ይዛ ትምጣ። አንድ ገጽ ታንብብልሽ። ማታ ሥራ የሚበዛብሽ ከሆነ በድምፅ ቀድታ ትላክልሽ፣ ስትተኚ ትሰሚዋለሽ፣ በማግስቱም ምን እንዳነበበች ጠይቂያት። በደንብ እንደሰማሻት የምታውቀው ስትጠይቂያት ነው። የክፍል ኃላፊዋን ስልክ እናትሽ ይቀበሉና አንቺም በሴሚስተር አንዴ አጠር ያለ መልእክት ጻፊላት፤ ልጅቷ እናቷ ሩቅ እንዳለች መምህሯ ብታውቅ ነገሩ ይለያል። እናትሽንም አመስግኚያቸው፣ ልጅቷ እየሰማች። በየቀኑ ቀስቅሰው፣ ፀጉሯን ሠርተው፣ ቁርስ አብልተው የሚልኳት እሳቸው ናቸውና «ከአያቷ ጋር ትሄዳለች» የሚለውን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው።

ካርድ በምትቀበልበት ቀን ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ደውዪላት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድም በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለማግኘት በአንቺ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ (በዱባይ አቆጣጠር 8 ሰዓት) ደውዪ። ያን ሰዓት እመቤትሽ የማይለቁሽ ከሆነ ማታውኑ በድምፅ ቀድተሽ ላኪ። ካርዱ ከመታየቱ በፊት ይሁን ብቻ። ከታየ በኋላ ከሆነ ለቁጥሩ ብለሽ የደወልሽ ይመስላታል።