ለዶሎማይት ጀማሪ፦ ከሦስቱ ጫፎች ጀምሪ

«በነሐሴ ወደ ዶሎማይት ልሄድ ነው፤ ተራራ ወጥቼ አላውቅም፤ ከየት ልጀምር?» ላልሽው እህቴ፣ እኔ ብሆን ከትሬ ቺሜ ዲ ላቫሬዶ እጀምራለሁ። ሰሜን ጣልያን ባሉት የዶሎማይት ተራሮች ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት የድንጋይ ጫፎች ናቸው። ትልቁ 2,999 ሜትር ነው፤ ለ3,000 አንድ ሜትር ጎደለው! አይዞሽ፣ እሱ ላይ አትወጪም። ዙሪያውን ነው የምትዞሪው።

አውቶቡስ 2,320 ሜትር ላይ ካለው አውሮንዞ የተራራ ማረፊያ ድረስ ያደርስሻል። በመኪና ከሄድሽ መንገዱ ክፍያ አለው። ዙሩ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ረጋ ብለሽ በአራት አምስት ሰዓት ትጨርሺዋለሽ። መነሻው ሰፊና ደልዳላ ነው። ጉልበት የሚፈትነው ከሎካቴሊ ማረፊያ በኋላ ነው፤ ቁልቁል ወርደሽ ያንኑ መልሰሽ ትወጪዋለሽ። ግን ሎካቴሊ ደጃፍ ቁጭ በይና ሦስቱን ፊት ለፊት እያየሽ ቡናሽን ጠጪ። እዚያው ካደርሽ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ነጣ ያለው ድንጋይ ሮዝ፣ ከዚያ ቀይ ሲሆን ታያለሽ። አልጋ ግን ቀድመሽ ያዢ፤ በነሐሴ ጣልያን ሁሉ እረፍት ላይ ነው።

ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ላይ ተነሺ። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በነሐሴም፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ ድንገት ይመጣል። ካርታ ላይ «ፌራታ» የሚል ካየሽ አትግቢ። በብረት ገመድና መሰላል የሚወጣ መንገድ ነው፤ አንዳንዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የሠሩት ነው። ያለ ጠንካራ የራስ መከላከያ ቆብና ከገመዱ ጋር የሚያያዝ መታጠቂያ አይሞከርም። ስኒከርም ይቅርብሽ፤ ጠጠሩ ያንሸራትታል።