የታይሮይድ ኪኒን፣ ካልሺየምና አይረን አንድ ላይ?

እናትሽ ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይዱን ኪኒን) እና የደም ግፊት መድኃኒቱን ኢናላፕሪል እየወሰዱ፣ ወንድምሽ ከአሜሪካ የላከውን ካልሺየምና አይረን ጠዋት አብረው ይዋጡት ወይ ላልሽው፣ ኧረ በፍጹም። የኔም እናት እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ካደረገች ጀምሮ ሌቮታይሮክሲን ላይ ናት። ካልሺየሙም አይረኑም ሆድ ውስጥ ኪኒኑን ይይዙትና ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጉታል። እሷም አብራ ስትውጣቸው ስለነበር፣ ኪኒኑን አንድ ቀን ሳታጓድል እየዋጠች ቲኤስኤቿ (TSH፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ደም ምርመራ ላይ ከፍ የሚለው) ይጨምራል፣ ድካሙ ብርድ ብርድ ማለቱ ድርቀቱ ሁሉ ተመለሰባት፣ ዶክተሩም ዶዙን ጨመረላት። ነገሩን ያወቀችው ፋርማሲስቷ ናት፣ "እማማ ሌላ የሚወስዱት አለ?" ብትላት "ምንም፣ ቫይታሚን ብቻ" አለች። በሻንጣ የመጣ ነገር እኮ መድኃኒት አይመስለንም።

አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ሌቮታይሮክሲኑን በውሃ ብቻ ትውጣለች፣ ከዛ አንድ ሰዓት ያህል ቁርስ የለ ቡና የለ (ጭቅጭቁ ያለው ቡናው ላይ ነው)። አይረኑ ምሳ ላይ፣ ካልሺየሙ እራት ላይ። ዋናው ከታይሮይዱ ኪኒን ቢያንስ 4 ሰዓት መራቃቸው ነው፣ መልቲቫይታሚንም አይረንና ካልሺየም ካለበት ያው ነው። አይረን ከዋጡ በኋላ ደግሞ ቡናና ሻይ ቶሎ ባይከተል ጥሩ ነው፣ አይረኑ ራሱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። በጾም "ሳላስቀድስ ምንም አልቀምስም" የሚሉ ከሆነ ሌቮታይሮክሲኑን ማታ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ መውሰድም ይቻላል፣ ግን ያኔ ካልሺየሙ ከእራት ይነሳል፣ ከዶክተራቸው ጋር ተነጋገሩበት።

እስካሁን አብረው ሲውጡ ከነበረ ግን ዝም ብለሽ ሰዓቱን ብቻ እንዳትለያዪ፣ መድኃኒቱ በደንብ መግባት ሲጀምር የተጨመረው ዶዝ ይበዛል። የኔ እናት ልቧ ድው ድው ሲልባት ነው መልሰው የቀነሱላት። ለዶክተሩ ተናገሪና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች ይታይላቸው፣ ስትሄጂ ጠርሙሶቹን እንዳሉ ይዘሽ ሂጂ።

አንዷ ደግሞ "ፖታሲየምም ጨምሪላቸው" ስትልሽ አየሁ። ኢናላፕሪል እየወሰዱ? ያለ ሐኪም እንዳትሞክሪው! ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፣ ደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ነው የሚያዛባው። "ሶዲየም የሌለው ጨው" ተብሎ የሚላከውም አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ነውና ጀርባውን አንብቢው።