የዳትሰን 240ዜድ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ስንት ጉልበት ይችላሉ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። ከአጎትህ የወረስከውን የ1972 ዳትሰን 240ዜድ እዚሁ ባሕር ዳር ትነዳለህ። ሞተሩ ስለደከመ የ280ዜድኤክስን ባለ ቱርቦ ኤል28 ሞተር ልትገጥምለትና የቱርቦውን ግፊት ጨምረህ 250 የፈረስ ጉልበት ልታደርሰው አስበሃል። «ካምቢዮው፣ ፕሮፔለር ሻፍቱና ዲፈረንሻሉ ሳይነኩ ስንት ይችላሉ?» ነው ያልከው። ፕሮፔለር ሻፍቱ ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ነው። ቁጥሩን እነግርሃለሁ፤ አስቀድመን ግን ብረት የሚሰብረው ምን እንደሆነ እንይ።

ጥርስ የሚያረግፈውና ዘንግ የሚቆርጠው ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይል ነው፤ እሱም በማርሽ ተባዝቶ ሲመጣ። የመኪናህ ነባሩ ሞተር ኤል24 ወደ 198 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ባለ አራት ማርሹ ካምቢዮ በአንደኛ ማርሽ በ3.6 ገደማ ያባዛዋል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ3.36። ወደ ጎማ በሚሄዱት ሁለት የጎን ዘንጎች ላይ በድምሩ 2,400 ኒውተን ሜትር ገደማ ያርፋል ማለት ነው። ቱርቦው ኤል28 ግፊቱ ሳይነካ፣ በፋብሪካው 180 የፈረስ ጉልበት ብቻ፣ 275 ኒውተን ሜትር ያህል ስላለው በዚያው ስሌት ከ3,300 ያልፋል። አራተኛ ማርሽ ምንም ስለማያባዛ በጎንደር መንገድ ወረታን አልፈህ በአራተኛ እስከ መጨረሻው ብትረግጠው ዘንጎቹ እምብዛም አይጨነቁም። ከመብራት ላይ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በድንገት ስትለቀው ነው ጣጣው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር ከፍታችን ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ፋብሪካው 151 ብሎ የጻፈለት ኤል24 እዚህ ወደ 120 ቢሰጥ ነው። ስለዚህ «ዲፈረንሻሉ ይህን ሁሉ ዓመት ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃህ ብዙ አያስኬድም፤ ከተሠራለት በታች ሲሸከም ነው የኖረው። ቱርቦ ደግሞ የጎደለውን አየር በአብዛኛው ይሞላል። በአንተ መኪና ላይ የሚመጣው ለውጥ በወረቀት ከሚታየው የሰፋ ይሆናል።

ከእነዚህ መኪኖች ጋር በጋራዥ ብዙ ዘመን አሳልፌያለሁ። መጀመሪያ እጅ ሲሰጥ የማየው ካምቢዮው ሳይሆን የዲፈረንሻሉን አፍንጫ የያዘው ላስቲክ ነው። መኪናው ሲነሳ ዲፈረንሻሉ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፤ ላስቲኩም ዕድሜ ስላደረቀው ከብረቱ ይላቀቃል። ከኋላ «ጓ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ቀጥሎ የጎን ዘንጎቹ ክሮቸራዎች፣ ማለትም ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርጉት ባለ መስቀል መጋጠሚያዎች ይመጣሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ከደብረ ማርቆስ በኩል አስጭኖ ያመጣውን መኪና ስፈታ የክሮቸራው ኮፍያ ውስጥ ግራሶ የሚባል አልነበረም፤ መርፌ መሰሎቹ ኩሽኔታዎች ደቀው ቡናማ ዱቄት ሆነዋል። መስቀሉ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ጭረቶች ነበሩ፣ ጥፍር የሚይዙ። ሞተሩ እኮ ነባሩ ኤል24 ነው! ይህን የበላው የሞተር ኃይል ሳይሆን ቸልተኝነት ነው፤ ስለዚህ ስለ ቱርቦ ከማሰብህ በፊት አራቱንም ክሮቸራ ፈትተህ እይ።

ሦስተኛው ቸርኬው የሚታሰርበት አጭሩ ዘንግ ነው። የ240ዜድ ባለ 25 ጥርስ ሲሆን በኋላ የመጣው የ280ዜድ ባለ 27 ጥርስና ወፍራም ነው። የዳትሰን አምራች ኒሳን ራሱ ያወፈረውን ነገር እኛ በቀጭኑ 250 ፈረስ ልናሸክመው አይገባም። ዲፈረንሻሉም እንደዚሁ ነው። ያንተ አር180 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለ280ዜድ ባለ እጅ ካምቢዮና ለቱርቦው 280ዜድኤክስ የተሰጠው ተለቅ ያለው አር200 ነው። «ሱባሩ ኤስቲአይ በአር180 ከኋላ 300 ፈረስ ይሸከም የለም ወይ?» የሚሉህ ይኖራሉ። እዚያ ኃይሉ ለአራት ጎማ ይከፋፈላል፤ ያንተ ግን ሁሉንም ብቻውን ነው የሚቀበለው።

ካምቢዮው ከነዚህ ሁሉ ይሻላል። ጥርሱ ከመርገፉ በፊት የሁለተኛና የሦስተኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ቀለበት) ያልቅና ማርሽ ስታስገባ ይንጫጫል። ሲንክሮው ነሐስ ስለሆነ ጂ ኤል 4 የሚል የካምቢዮ ዘይት ስጠው። ፕሮፔለር ሻፍቱ ሚዛኑ ከተስተካከለና ክሮቸራው ጤነኛ ከሆነ አያሳስብህም።

ደካማ መኪና ነው እያልኩህ እንዳልሆነ ግን እወቅልኝ። 240ዜድ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1973 አሸንፏል፤ ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እንግዲህ ቁጥሩ። ሁሉም ክፍል ጤነኛ ሆኖ፣ ጎማህ በፋብሪካው ስፋት ከቆየና ፍሪሲዮኑን በእርጋታ ከለቀቅክ እስከ 200 ፈረስና እስከ 280 ኒውተን ሜትር አልሰጋም። ከዚያ እስከ 230 ድረስ ያለው በእግርህ ይወሰናል። 250 ከሰፊ ጎማ ጋር ከሆነ አጫጭሮቹን ዘንጎችና ዲፈረንሻሉን ሳትቀይር አትግባበት። ጎማው ሲንሸራተት እንደ ፊውዝ ሆኖ ዘንጉን ያድናል፤ ጎማውን ስታሰፋ ፊውዙን አውጥተህ ጣልክ ማለት ነው። ከልክ በላይ የጠነከረ ፍሪሲዮንም ያው ነው፤ ይንሸራተት የነበረው ሲጠፋ ድንጋጤው በሙሉ ወደ ኋላ ይተላለፋል።

ለከተማችን ሁለት ነገር ልብ በል። ከኮብልስቶን ወደ አስፋልት ስትወጣ በድንጋዩ ላይ ባዶውን እየዞረ ያለ ጎማ አስፋልቱን ድንገት ይይዛል፤ ብዙ ዘንግ የሚቆረጠው በዚያች ቅጽበት ነውና ጎማው አስፋልት እስኪረግጥ ነዳጁን ቀንስ። ፍጥነት መቀነሻ ላይም የኋላው ገና ተንጠልጥሎ ሳለ አትርገጥ፤ ክሮቸራዎቹ ያኔ በጣም ታጥፈዋል። የቤዛዊትን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ እየጨመርክ ብትወጣ ግን ምንም አይሆንም።

አንድ ነገር ለክልኝ። የጃፓንና የአውሮፓ 240ዜድ ባለ አምስት ማርሽ ሆኖ ዲፈረንሻሉ 3.9 ነበር፤ የዚያ ፒኞን (ዲፈረንሻሉን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) አነስ ያለ ስለሆነ የሰጠሁህን ቁጥር ዝቅ ያደርገዋል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ በድንጋይ ያዝ፣ ማርሹን አውጣ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳና በደንብ አስደግፈው፤ ፕሮፔለር ሻፍቱን በጠመኔ ምልክት አድርግበት። የተነሳውን ጎማ ድፍን ሁለት ዙር ስታዞር ሻፍቱ ሦስት ከሲሶ ገደማ ዞረ ወይስ አራት ሊሞላ ጥቂት ቀረው? እሱን ከአጭሩ ዘንግ ፎቶ ጋር እዚሁ ጻፍልኝ፤ የትኛውን መጀመሪያ መግዛት እንዳለብህ ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ።